የዘምዘም ሙቅ ውሃ የት ሄደ?

ኑ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ብርድ ልብሱ ለሁላችሁም ይድረስ። ዛሬ የማወራላችሁ ሙቅ ውሃ ስለጠፋባት ልጅ ነው።

ልጅቷ ዘምዘም ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሲጠይቋት ግን «ሰባት ልሞላ ነው» ትላለች።

ቤቷ ወሎ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ውሃ ነው።

ዘምዘም የምትኖረው ከእናቷ ከዘሀራና ከአያቷ ከአባባ ይመር ጋር ነው። አባባ ይመር ነጭ ጢም፣ ረጅም ምርኩዝና ብዙ ትዕግሥት አላቸው።

የሚያስቸግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቁርጥማት ነው። ብርድ ሲነካቸው የእጃቸው ጣቶች ጭብጥ ይላሉ፤ ተዘርጉ ቢሏቸው እሺ አይሉም።

አባባ ይመር ደግሞ ከመስገዳቸው በፊት ውዱእ ያደርጋሉ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን በንጹሕ ውሃ ይታጠባሉ።

ጠዋትና ማታ ውሃውን እሳት ላይ የምታሞቅላቸው ዘሀራ ናት። ከሰዓት በኋላ ግን ዘሀራ እርሻ ላይ ናት፤ ዘምዘም ደግሞ እሳት መንካት አልተፈቀደላትም።

ስለዚህ የከሰዓቱ ውሃ፣ የአሱር ሶላት ውሃ፣ የዘምዘም ሥራ ነው። የሚያሞቅላት ማን መሰላችሁ? ፀሐይ ናት።

ፀሐይ ከጠዋት ጀምራ ሐይቁን ስታሞቅ ትውላለች። ግን እስከ ታች አትደርስም፤ የምታሞቀው ላይ ላዩን ነው።

ይህን ዘምዘም በእግሯ ታውቃለች። ዳር ላይ ስትቆም ውሃው ጉልበቷን ሞቅ፣ የእግሯን ጣት ቀዝቀዝ ያደርጋታል። ከጉልበቷ በላይ ደግሞ አትገባም፤ የቤቱ ሕግ ነው።

ስለዚህ ጣሳዋን ወደ ታች አትነክርም። ጎንበስ ትልና ውሃውን ከላይ ከላይ ትጨልፋለች።

«ከላይ ከላይ፣ ጭልፍ! ጭልፍ!»

ማንቆርቆሪያዋ ሲሞላ በሁለት እጇ አቅፋ ትሮጣለች። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ይፈስሳል፤ ግማሹ አያቷ ጋ ይደርሳል።

ከዚያ በአባባ ይመር እጅ ላይ ታፈስሳለች። ኩልል... ኩልል...

አውራ ጣት ይዘረጋል። ሌባ ጣት ይዘረጋል። የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ይዘረጋሉ። በመጨረሻ ትንሿ ጣት ትዘረጋለች።

«እደጊልኝ» ይሏታል አባባ ይመር። ዘምዘም ያኔውኑ በቁመቷ የጨመረች ይመስላታል።

አንድ ቀን ግን ነፋስ መጣ። ሽው! ሽው!

ከቤቱ ጀርባ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ሐይቁ ነፈሰ። የዶሮዎቹን ጭራ ገለበጠ፤ የዘምዘምን ሻሽ ነጥቆ አጥር ላይ ሰቀለው።

ቀኑን ሙሉ ሽው! ሽው! ሌሊቱንም ሽው! ሽው! በማግስቱም አልደከመውም።

ከሰዓት በኋላ ዘምዘም ጣሳዋንና ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይም እንደ ወትሮዋ ወጥታለች።

እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። ወዲያው መልሳ አወጣችው። ጣቷንም ቀዘቀዛት፣ ጉልበቷንም ቀዘቀዛት።

ምናልባት በደንብ ከላይ ያለው ደህና ይሆናል ብላ በጣም ቀስ ብላ ጨለፈች።

«ከላይ ከላይ፣ ጭልፍ! ጭልፍ!»

የላዩም ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ውሃ ደግሞ የለም፤ የሶላቱም ሰዓት ደርሷል። ያንኑ ይዛ ሄደች።

ኩልል... ኩልል... አባባ ይመር እጃቸውን አቀረቡ። ጣቶቻቸው ግን ጭብጥ አሉ።

አውራ ጣት አልተዘረጋም። ሌባ ጣት አልተዘረጋም። ትንሿም ጣት እምቢ አለች።

አባባ ይመር እንደ ሁልጊዜው «እደጊልኝ» አሏት። ዘምዘም ግን ዓይኗን ከእጃቸው ላይ አላነሣችም። አያቷ አንጀቷን በሏት።

ሙቁን ውሃ ማን ወሰደው?

ዘምዘም ወደ ሐይቁ ተመልሳ ግራና ቀኙን ቃኘች። የጎረቤት ላሞች ዳር ተሰልፈው ውሃ ይጠጣሉ። ቦራ የምትባለው ላም አፏን ላይ ላዩን አድርጋ ትመጠምጣለች። ምጥጥ! ምጥጥ!

ዘምዘም ነገሩ ገባት። ማለት፣ የገባት መሰላት። ላሞች የሚጠጡት ከላይ ከላይ ነው፤ ስለዚህ ሙቁን ውሃ ጠጥተው የጨረሱት እነሱ ናቸው።

ሮጣ ከፊታቸው ቆመችና እጆቿን ዘረጋች። ከዛሬ ጀምሮ ከሥር ከሥር እንዲጠጡ ነገረቻቸው።

ቦራ አንድ ጆሮዋን አወዛወዘች። ከዚያ መጠጣቷን ቀጠለች። ምጥጥ! ምጥጥ!

ማታ ዘሀራ የአባባ ይመርን እጅ አይታ ደነገጠች። ከመደርደሪያው ላይ ቀዩን ፔርሙስ አወረደች፤ አጠበችው፤ አደረቀችው።

ከነገ ጀምሮ ጠዋት ውሃ አሙቄ በዚህ እሞላለሁ አለች። የአባባ የከሰዓት ውሃ ከፔርሙሱ ይሆናል፤ ዘምዘምም ማንቆርቆሪያ ይዛ መመላለሷ ይቀርላታል።

«እኔስ ምን ልሥራ?» አለች ዘምዘም።

ዘሀራ ጸጉሯን ዳሰሰቻትና ደስ ብሏት እንድትጫወት ነገረቻት። ዘምዘም መጫወት መቼ ጠፋትና! መጫወት ሁልጊዜም ትጫወታለች።

ፔርሙሱን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሆዱን ነፍቶ ቁጭ ብሏል። ሥራዋንም ሊወስድባት ነው። ዘምዘምን ሆድ ባሳት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሐይቁ ድምፅ መጣ። ቿ! ቿ! አጎቷ ሙሄ ታንኳውን እየቀዘፈ ነው።

ሙሄ ዓሣ አጥማጅ ነው። ታንኳው ዓሣ ከመሙላቱ የተነሣ እሱ ራሱ የሚቀመጥበት አጥቷል።

ዓሣው ሁሉ ወደዚህኛው ዳር መጥቷል ብሎ ለዘምዘም ነገራት። እዚህ ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ወደ ላይ ወጥቷል፤ ሲወጣ ደግሞ የዓሣ ምግብ ይዞ ይወጣል። ማዶ ግን ውሃው ሕፃን የሚታጠብበት ይመስል ሞቅ ብሏል፤ ዓሣ ለዓይን እንኳ የለም።

ዘምዘም ዓይኗ ፈጠጠ። ሙቁ ውሃ ማዶ ነው! ላሞቹ አልጠጡትም ማለት ነው። ቦራን ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርባት ነው።

ሙሄን እግሩ ላይ ተጠምጥማ ለመነችው። ነገ ዓሣውን ማዶ ሸጦ ሲመለስ ከዚያ ሙቅ ውሃ ትንሽ፣ ትንሽዬ ብቻ፣ እንዲያመጣላት። ሙሄ ሳቀ። ግን ዘምዘም ለምናው እምቢ ብሎ አያውቅም።

በሚቀጥለው ቀን ቿ! ቿ! እያለ መጣ። ከታንኳው ላይ አንዲት ቢጫ ጀሪካን አውርዶ ሰጣት።

ዘምዘም ክዳኑን ከፈተች። ጣቷን ነከረች።

ቀዝቅዟል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ነፋሱም ከፊት ለፊት ሲመታው ነው የመጣው። ለብ እንኳ አላለም።

ያን ጊዜ ዘምዘም አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ፣ ጀሪካኗን አቅፋ አለቀሰች። ሙሄም አጠገቧ ቁጭ ብሎ እስክትጨርስ ጠበቃት።

ከሰዓት በኋላ የአባባ ይመርን እጅ ያስታጠበው ፔርሙሱ ነበር። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተዘረጉ።

ዘምዘም ጣቶቹ ስለተዘረጉ ደስ አላት። ውሃውን ያመጣችው እሷ ስላልሆነች ደግሞ ከፋት። ደስ መሰኘትና መከፋት አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ይገባሉ፤ እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም።

ማታ አባባ ይመር ጠሯት። ፊታቸው አንድ ሲኒ ትኩስ ወተት ተቀምጧል። ላዩ ላይ ስልባቦት ጣል ብሎበታል።

«ነይ እስቲ፣ ከወዲህ ሆነሽ እፍ በዪው» አሏት።

እፍ! ስልባቦቱ ተንሸራተተና ማዶ ተሰበሰበ። በወዲህ በኩል ሥር የነበረው ወተት ብቅ አለ።

እፍ! አሁንም ስልባቦቱ ወደ ማዶ። አሁንም የሥሩ ወተት ወደ ላይ።

«ነፋሱም እንዲሁ ነው ያደረገው» አሏት አባባ ይመር። «የላዩን ሙቅ ውሃ ገፍቶ ገፍቶ ማዶ አደረሰው። የሄደበት ቦታ ባዶ አይቀርም፤ የሥሩ ቀዝቃዛ ብድግ ብሎ ይሞላዋል። ማንም አልሰረቀሽም፣ የኔ ልጅ።»

ዘምዘም ሐይቁን የሚያህል ሲኒ፣ ነፋሱን የሚያህል አፍ በሐሳቧ አየች። ከዚያ፣ ከሐይቃችን የሚበልጥ ውሃ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

አባባ ይመር ወጣት ሳሉ አሰብ ወደብ መርከብ ያራግፉ ነበር። ባሕሩ ማዶ የለውም ብለው ነገሯት። ቢያዩት ቢያዩት ውሃ ነው፤ ከውሃው ወዲያም ሌላ ውሃ አለ።

እዚያም ነፋስ ይነፍሳል። ሽው! ሽው! ሙቁን ውሃ ከአገር ወደ አገር ይገፋዋል። በተወው ቦታ ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል፤ ዓሣም ተከትሎ ይመጣል።

ሙቁ ውሃ በደረሰበት አገር ደመና ይበዛል። አንዳንድ ዓመት ግን ነፋሱ ይደክመዋል። ያን ጊዜ የተገፋው ሙቅ ውሃ ወደ ኋላው ይመለሳል፤ ደመናውም መንገዱን ይስታል።

እኛም እዚህ ወሎ ሆነን፣ አሉ አባባ ይመር፣ ክረምቱ ምነው ዘገየ እያልን ሰማይ ሰማይ እናያለን። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ነፋሱ ግን ሁላችንንም ያውቀናል።

ዘምዘም እየሰማች እፍ! እፍ! ማለቷን አልተወችም። ስልባቦቱ ይሸሻል፣ ይሸሻል፣ ከሲኒው ጥግ ሲደርስ ግን እጥፍጥፍ ብሎ ይቆማል።

«ጥግ ሲያገኝ ይቆማል» አለች። ከዚያ ስልባቦቱን በጣቷ አንሥታ በላችው።

ጠዋት ስትነሣ ነፋሱ እንዳለ ነው። ሽው! ሽው! ዘምዘም ግን የሲኒውን ጥግ እያሰበች ነበር።

የጤፍ ውቂያ ሰሞን ስለነበር ገለባ እንደ ልብ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ እፍኝ ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደችና ውሃው ላይ በተነችው።

ገለባው ተንሳፈፈ። ነፋሱ ገፋው። እሱ በውሃው ላይ ይሄዳል፤ እሷ በዳር በዳር ትከተላለች።

አለፍ ሲሉ መሬቱ እንደ ታጠፈ ክንድ ወደ ሐይቁ ይገባል። ገለባው ሄደ፣ ሄደ፣ ክንዱ ጉያ ውስጥ ገባና ቆመ። የደረቀ ቅጠልና ነጭ አረፋም እዚያው ተሰብስቧል።

የሐይቁ ጥግ!

ዘምዘም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ከተተች። ጉልበቷን ሞቃት። ጣቷንም ሞቃት! ነፋሱ የገፋው ሙቅ ውሃ ሁሉ ማዶ አልሄደም፤ ይኸው እዚህ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ቆሟል።

እየሳቀች ማንቆርቆሪያዋን ሞላች።

«ከላይ ከላይ፣ ጭልፍ! ጭልፍ!»

አቅፋው መሮጥ ጀመረች። ነፋሱ አሁን ፊት ለፊት መጣ። ሽው! ሽው! ጥቂት ሮጠችና ቆማ ጣቷን ነከረች።

ውሃው መቀዝቀዝ ጀምሯል፤ ቤቱ ደግሞ ገና ሩቅ ነው። ያቺ ቢጫ ጀሪካን ትዝ አለቻት።

ዘምዘም መንገዱ መሀል ቆመች። አሰበች። ከንፈሯን ነከሰችና እንደገና አሰበች። ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችና ባዶ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ፈረጠጠች።

አባባ ይመር በር ላይ ተቀምጠዋል። ፔርሙሱም አጠገባቸው ተቀምጧል።

«አባባ፣ ውሃው እርስዎ ጋ መምጣት አይችልም» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። «እርስዎ ይምጡ።»

አባባ ይመር መንገዱን አዩት። ከሾላው ዛፍ አልፈው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ጉልበታቸው እሺ አይላቸውም። ፔርሙሱን አዩት፤ ቅርብ ነው፣ ሙቅም ነው።

ከዚያ ዘምዘምን አዩዋት። ላብ ግንባሯ ላይ፣ ገለባ ጸጉሯ ላይ።

ምርኩዛቸውን አነሡ። «ምሪኝ» አሏት።

ቋ... ቋ... ምርኩዙ ይሄዳል። ዘምዘም ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ድንጋይ ስታይ ታነሣለች፣ እሾህ ስታይ ትጠርጋለች።

ሾላው ሥር ሲደርሱ አረፉ። ቋ... ቋ... እንደገና አረፉ። ነፋሱም ከኋላቸው ሆኖ ቀስ እያለ እነሱንም ገፋቸው።

ከክንዱ ጉያ ደረሱ። አባባ ይመር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ።

ዘምዘም ጎንበስ አለች። ውሃው እስከዚያ ድረስ ቀዝቅዞ ቢሆንስ ብላ ፈርታ ነበር።

«ከላይ ከላይ፣ ጭልፍ! ጭልፍ!»

ኩልል... ኩልል...

አባባ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘምዘም እስትንፋሷን ያዘች።

አውራ ጣት ተዘረጋ። ሌባ ጣት ተዘረጋ። የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ተዘረጉ። ትንሿ ጣት ትንሽ አሰበችና፣ እሷም ተዘረጋች።

«ብዙ ጊዜ ውሃ አምጥተሽልኛል» አሏት አባባ ይመር። «ዛሬ ግን እኔን ነው ያመጣሽኝ። እደጊልኝ።»

ከዚያ ሣሩ ላይ ሰገዱ። ዘምዘም ማንቆርቆሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላቸው ተቀመጠች።

ሲጨርሱ ሁለት እጆቻቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። አሥሩም ጣቶች ክፍት ናቸው። በዱዓቸው መሀል ስሟን ስትሰማ ዘምዘም ማንቆርቆሪያዋን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች።

ቤት ሲመለሱ ዘሀራ ደርሳለች። ፔርሙሱ እንደ ሞላ፣ አባባ ይመርም ከበሩ ላይ ጠፍተው ስታገኝ ተጨንቃ ነበር። የሆነውን ሲነግሯት ግን ሳቀች፤ በፔርሙሱ ውሃም ለሁሉም ሻይ አፈላች።

ስትተኛ ዘምዘም አያቷ ጎን ሽጉጥ አለች። ውጭ ነፋሱ ሽው... ሽው... ይላል። አሁን አልተቆጣችውም።

«ነገ ነፋሱ ቢዞርስ?» አሏት አባባ ይመር በሹክሹክታ። «ውሃችን ወደ ሌላ ጥግ ቢሄድስ?»

ዘምዘም ዓይኗ ተከድኖ ነበር። እጇን ሰደደችና እጃቸውን ያዘች።

«ገለባ ጥዬ አያለሁ» አለች። «ከዚያ እመራዎታለሁ።»

አባባ ይመር የጋቢያቸውን ግማሽ አለበሷት። እጇን ግን አልለቀቁም።